ምልመላው የዛፍ ነበር

በሰባ ስምንት ዓ.ም. አርባ ስምንት ዓመቴ ነበር። ይህን የማውቀው እናቴ «ጣልያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ወለድኩህ» ስላለችኝ ቆጥሬ ነው። ቁጥሩ ከተሳሳተ ጥፋቱ የእሷ ነው፤ እኔ የነገረችኝን ነው የቆጠርኩት።

ቤታችን ከቀበና ወንዝ በላይ፣ በየካ በኩል፣ የእንጦጦ ዳገት ሰውን ትንፋሽ መንሳት የሚጀምርበት ላይ ነው። ሥራዬ እንጨት ቆረጣ ነው። ትርፍ ሥራዬ ደግሞ ልፈፋ ነበር። የዕድራችን ጡሩምባ የሚቀመጠው እኔ ዘንድ ነው። ሰው ሲሞት እነፋለሁ፤ ቀበሌው ስብሰባ ሲጠራም እነፋለሁ። ሰዉ ጡሩምባዬን ሲሰማ መጀመሪያ «ማን ሞተ?» ይላል። ስብሰባ መሆኑን ሲያውቅ ደግሞ የበለጠ ያዝናል።

ማንበብ የቻልኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። የምስክር ወረቀቴን ባለቤቴ ብርቄ ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች፤ ዝናብ የሚያስገባውን ቀዳዳ ደፍኖልናል። ትምህርት አይጠቅምም የሚል ሰው ቤቴ መጥቶ ይይ። ፊደሎቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁ። የሚያስቸግሩኝ ተሰብስበው ሲመጡ ነው። ሰውም እንዲሁ ነው፤ አንድ በአንድ ሲያገኙት ደግ ነው።

ወሩ ጥር ነው። ጥምቀት አልፏል። ልጄ አስካለ እሑድ ልታገባ ነው። ሙሽራው ጌታሁን ይባላል። ቀበና ወንዝ ዳር ከእናቱ ከእትዬ ዘነበች ጋር የሚኖር፣ ወፍጮ ቤት የሚሠራ፣ ቃል የማይወጣው ልጅ ነው። እኔም ዝምታውን ወድጄለት ነበር። አሁን ሳስበው ግን ዝምታም ልክ አለው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠሩኝና ወረቀት ሰጡኝ። «ጓድ፣ ዛሬውኑ ለሕዝቡ ይድረስ» አሉ። ከቢሯቸው ውጭ ጥላ ሥር ተቀምጬ ወረቀቱን እንደ ጤፍ ለቀምኩት። እንዲህ ይላል፦ «ነገ ቅዳሜ ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት ስለ ደን ጤንነትና ስለ ዛፍ ምልመላ ትምህርት ስለሚሰጥ፣ ከየቤቱ ጉልበት ያለው አንድ ሰው በቀበሌው ሜዳ እንዲገኝ። የቀረ ይጠየቃል።»

መልካም ወረቀት ነው። ግን ረጅም ነው። ወረቀት የሚጽፍ ሰው ቁጭ ብሎ ስለሚጽፍ እግር መኖሩን ይረሳል። እኔ ያን ሁሉ እየጮህኩ ዳገት መውጣት አለብኝ። ልፈፋ ደግሞ እንደ በርበሬ ነው፤ ከበዛ አያስበላም። ስለዚህ የማያስፈልገውን አወጣሁ። «ደን» ምን ያደርጋል? ደኑ ከጀርባችን ቆሟል፤ ያላየው ዞር ብሎ ይይ። «ዛፍ»ስ? ምልመላ ካሉ ዛፍ ነው። ቅርንጫፍ እየቆረጥኩ ዛፍ መመልመል የጀመርኩት የወተት ጥርሴ ሳይወልቅ ነው። «የዛፍ ምልመላ» ማለት «እርጥብ ውሃ» እንደማለት ነው።

እንዲህ አድርጌ አሳጠርኩትና ወጣሁ።

«ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት! በቀበሌው ሜዳ! ለጤንነትና ለምልመላ! ከየቤቱ ጉልበት ያለው አንድ ሰው! የቀረ ይጠየቃል!»

እንግዲህ ዘመኑን የማያውቅ ካለ ልንገረው። በዚያ ጊዜ ከተማው ምልመላ የሚለው ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚለቀምበትን ነው። ጤናው ይታያል፣ ጉልበቱ ይታያል፣ ይወሰዳል። ይህን እኔም አውቅ ነበር። ግን ቃሉ የእኛ ነው። ዛፍ ስንመለምልበት ከተማው ወስዶ ሰው መለመለበት። የተሰረቀ ዕቃዬን በስሜ ብጠራ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

ልፈፋው የወትሮውን አልመሰለም። ሌላ ጊዜ «ደግሞ ምን መጣ?» እያለ የሚያላግጥብኝ ሰው ሁሉ ዝም አለ። በሮች ተዘጉ። ሠፈሩ በአንዴ እንዲህ ጸጥ ሲል አይቼ ድምፄ ያማረልኝ መሰለኝ። አንድ ሰው ብቻ ከአጥር ኋላ ጠራኝ።

«ጋሼ፣ ስንት ዓመት የሞላው ነው የሚመለመለው?»

«ሦስት ዓመት ካለፈው በቂ ነው!» አልኩት።

«ሦስት?»

«ለጋ ሳለ ነው እንጂ ከጠነከረ በኋላ ምን ያደርጋል? ያስቸግራል።»

«በስመ አብ!» አለና ከአጥሩ ራቀ። ዛፍ የማያውቅ ሰው ነው ብዬ አለፍኩት።

ቤቴ ስደርስ ብርቄ ደጅ ላይ ቆማለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ብለህ ነው የለፈፍከው?»

«የተጻፈውን።»

«ሠፈሩ ወንድ አልባ ሆነ! ጎረምሳው ሁሉ ወደ ጫካ እየሮጠ ነው። ምልመላ ነው ብለሃል!»

«ምልመላ ነዋ። የዛፍ።»

«ዛፍ አላልክም!»

«ሳይባል ይታወቃል።»

ይህን ስንባባል አስካለ ከቀበና ተመለሰች። ለሰርጉ ዕቃ ልትዋስ ሄዳ ኖሯል። ባዶ እጇን ነው የመጣችው። «ጌታሁን የለም» አለች። «ልፈፋውን ሲሰማ ከነዱቄቱ ወጥቶ ሄደ አሉ። ነጭ ሆኖ ሽቅብ ሲሮጥ ያዩት ሰዎች አሉ።»

ብርቄ ጡሩምባውን አንስታ እጄ ላይ አኖረችው። «ተመለስና አስተካክል» አለችኝ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ብመለስ ኖሮ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን ለፋፊ አንድ ጊዜ የለፈፈውን ሊያርም ከተመለሰ ከዚያ ወዲያ ማን ያምነዋል? ነገ ሰው ሞተ ብል «ቆይ፣ ሊያርም ይመጣል» ብለው ቁጭ ይላሉ። ይህንኑ ነገርኳት። «ነገ ጠዋት ትምህርቱን የሚሰጠው ባለሙያ ሲናገር ሁሉም ይሰማል፤ ልጁም ይመለሳል» አልኩ። አስካለ ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ውስጥ ገባች።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ሞላ። የሞላው ግን በሽማግሌ፣ በሴትና በአካለ ስንኩል ነው። እስከ ዓርብ ድረስ በአንድ ምርኩዝ ይሄድ የነበረ ጎረቤቴ በሁለት መጥቷል። በሕይወቱ ጉንፋን የማያውቀው አናጢ እንደ አሮጌ በግ ይስላል። ባለሙያው ከደን መሥሪያ ቤት የተላከ ቀጭን ወጣት ነው፤ መነጽር አድርጓል። ከመገናኛ በእግሩ ስለመጣ ጫማው አቧራ ለብሷል። ሊቀመንበሩ ካኪያቸውን ለብሰው አጠገቡ ቆመዋል። ባለሙያው ያን ሁሉ የሚስል ሰው ሲያይ ልቡ ተነካ።

«የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ ሕመም ሳያግዳችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ» አለ። «ዛሬ የምንማማረው ስለ ምልመላ ነው። ብዙ ሰው ምልመላን ይፈራል። ጉዳት ይመስለዋል።»

ሕዝቡ መሬት መሬቱን ያያል።

«በጊዜው ያልተመለመለ ግን ይጎብጣል፤ እርስ በርሱ ይሻማል፤ በሽታም ይገባዋል። ከአንድ ጉቶ ስድስት ሰባት ይበቅላል። ሁሉን ማሳደግ አይቻልም። ቀጥ ያሉትን፣ ጠንካሮቹን፣ ሁለቱን ሦስቱን መምረጥ ነው።»

እትዬ ዘነበች ከሴቶቹ መሐል ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። «የተመረጡት ምን ይሆናሉ ጌታዬ?»

«የተመረጡትማ ይቀራሉ፤ ያድጋሉ። የሚቆረጡት ያልተመረጡት ናቸው።»

ሜዳው ጉምጉም አለ። በሁለት ምርኩዝ የመጣው ጎረቤቴ አንዱን ጣለ።

«እኔ ያለኝ አንድ ነው» አለች እትዬ ዘነበች። «አባቱም የለ።»

«አንድ ብቻ ከሆነ እንዳይነካ!» አለ ባለሙያው ደስ ብሎት። «ዙሪያውን ይኮትኩቱለት። ከብት መጥቶ እንዳይታከከው ይጠብቁት።»

«እግዜር ያክብርልኝ! ነገ ልድረው ነው።»

ባለሙያው መነጽሩን አወለቀ። «ምኑን ነው የሚድሩት?»

«ልጄን ነዋ!»

«እኔ እኮ የማወራው ስለ ባሕር ዛፍ ነው።»

ከዚያ አንዷ «ዛፍ ነው!» ብላ ጮኸች። እልልታው ቀለጠ። የአናጢው ሳል ዳነ። እልልታው ሲያልቅ ግን ያ ሁሉ ዓይን ወደ አንድ ሰው ዞረ። ወደ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። «ሳይባል ይታወቃል ብዬ ነው» አልኩ። ማንም አልሳቀም።

ሊቀመንበሩ የስብሰባ ሰው ናቸውና «መርሐ ግብሩ ይቀጥላል፤ ወደ ተግባር!» አሉ። ሁላችንም መጋዝና መጥረቢያ ይዘን ወደ ጫካው ወጣን። ባለሙያው መንገድ ለመንገድ ያስተምራል። ጉቶ ወደ መሬት ጠጋ ተደርጎ፣ አግድም ሳይሆን ዘንበል ተደርጎ ይቆረጥ፤ ውሃ ላዩ ላይ እንዳይተኛና እንዳያበሰብሰው። ከዛፉ ሥር የረገፈው ቅጠልም ሁሉ አይጠረግ፤ ለመሬቱ ልብሱ ነው። ቅጠል እየጠረጉ ለማገዶ የሚያወርዱት ሴቶች ተያዩ። መሬቱ እንደ ቤታቸው ወለል ጥርግ ብሏል።

እናቶቹ ግን ትምህርቱን አልሰሙም፤ ልጆቻቸውን እየጠሩ ቀድመው ሮጡ። ችግሩ፣ የሸሸ ሰው ካኪ የለበሰ ሊቀመንበርና መጋዝ የያዘ ሕዝብ ሽቅብ ሲመጣ ካየ አይቀርብም። በዛፎቹ መሐል ቅጠል ሲንኮሻኮሽ፣ እግር ሲሮጥ ይሰማል። እትዬ ዘነበች እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተጣራች።

«ጌታሁን! ውጣ! ዛፍ ነው! ውጣ!»

ጌታሁን ሰምቷታል። እናቱን የሚያከብር ልጅ ነውና የተባለውን አደረገ። ወጣ። ዛፍ ላይ።

እኛ ይህን አላወቅንም። ባለሙያው አንድ ትልቅ ጥድ ሥር አቁሞን ወደ አንዲት ቅርንጫፍ ጠቆመ። ከግንዱ ጋር የምትገናኝበት ቦታ አብጧል፤ ሙጫም ያለቅሳል። «ይህች ታማለች» አለ። «አቅሟ ከሚችለው በላይም ተሸክማለች፤ እዩ እንዴት እንደጎበጠች። ካልተነሣች በሽታው ወደ ግንዱ ይዘልቃል። ማን ይቆርጥልናል?»

ስሜን ላድስ ፈልጌ ነበርና መጋዜን ይዤ ወጣሁ። ግንዱ ላይ ያለው ጉጥ እንደ መሰላል ነው፤ የአንድ ሰው ቁመት ያህል ሄድኩ።

«አባባ፣ መጀመሪያ ከሥሯ በኩል ትንሽ ይገዝግዟት» አለኝ ባለሙያው። «ከዚያ ነው ከላይ። አለበለዚያ ስትሰበር የግንዱን ቅርፊት ገሽልጣ ትወርዳለች።»

«ልጄ፣ አንተ ሳትወለድ ነው እኔ ቅርንጫፍ የጣልኩት» አልኩት።

«እሱን አልካድኩም። ግን ከሥር ይጀምሩ።»

«እንጨት ከላይ ነው የሚቆረጠው። ከሥር የሚቆረጥ ሣር ነው።»

ከላይ ጀመርኩ። መጋዙ ጥሩ ይበላል። ቅጠሉ ውስጥ የሆነ ነገር እንደማቃሰት ሲል ሰማሁ። ወፍ ነው አልኩ። በኋላ ጌታሁን እንደነገረኝ፣ መጋዙን የያዝኩት እኔ መሆኔን አይቷል። ግን ሊቀመንበሩ ከሥር ቆመዋል። እናገር ወይስ ልውደቅ እያለ ሲመዝን ቅርንጫፏ ወሰነችለት። ጧ! አለች። ልክ ባለሙያው እንዳለው ከግንዱ ላይ አንድ ክንድ ሙሉ ቅርፊት ገሽልጣ ወረደች። አማቼም አብሮ ወረደ፤ ፀጉሩ ላይ የወፍጮ ቤቱ ዱቄት ገና አለ።

«ቅጠሉ ባይጠረግ ኖሮ ፍራሽ ይሆነው ነበር» አለ ባለሙያው። እውነቱን ነው፤ ግን ጊዜው አልነበረም።

እትዬ ዘነበች ልጇ ላይ ተደፋች። «ውጣ አላልኩህም?»

«ወጣሁ እኮ እማዬ!» አለ ጌታሁን።

ያኔ ነው ያ ሁሉ ሰው መሬት እስኪንከባለል የሳቀው። እሷና እሱ ብቻ አልሳቁም። እኔም አልሳቅኩም፤ ግንዱ ላይ ነበርኩ።

የሠፈሩ ወጌሻ አይቶ «ስብራት የለውም፤ ወለምታ ነው» አለ። «ግን ሁለት ሳምንት እግሩ መሬት እንዳይረግጥ።» እትዬ ዘነበች ወዲያው ላከችብን፦ ሰርጉ ቀርቷል።

የቀረ ሰርግ እንደፈሰሰ ውሃ ነው። ጾሙ እየመጣ ነው፤ ካለፈ እስከ ፋሲካ ሰርግ የለም። እስከዚያ ደግሞ ሰው ብዙ ነገር ያስባል። አስካለ የሰርግ ልብሷን አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ከዚያ ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፦ «አባዬ፣ አንዲት ቃል እኮ ናት። ምን ነበረበት ቢሏት?»

ብርቄ ብትጮህብኝ እከራከራት ነበር። ለዚህ ግን ጋቢዬን አንሥቼ ወጣሁ።

በእኛ ወግ ሽማግሌ የሚልከው የወንድ ወገን ነው። ሴት ልጅ ያለው ቁጭ ብሎ ይኮራል። እኔም በኅዳር የእነሱን ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ መልሻቸዋለሁ፤ ለወጉ ያህል። ያን ዕለት ግን እኔው ራሴ ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ቁልቁል ወደ ቀበና ወረድኩ። ባለሙያውም «ነገሩ በእኔ ትምህርት ምክንያት ነው» ብሎ ተከተለን። ደግ ልጅ ነው።

እትዬ ዘነበች ደጇ ላይ አቆመችን። ጌታሁን ከውስጥ እግሩ ተጠቅልሎ አልጋ ላይ ይታያል።

«በኅዳር እርስዎ ደጅ ሦስት ጊዜ ቆመናል» አለችኝ። «ዛሬ እርስዎ መጡ?»

«መጣሁ።»

«ምን ሊሉ?»

«ተሳሳትኩ» የሚለውን ቃል ወደ ምላሴ ገፋሁት። አልሄደም። በአርባ ስምንት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ያልሄደበት መንገድ ነው። «ጡሩምባው ቃል ይውጣል» አልኩ።

«እና ጡሩምባው ነው ልጄን ከዛፍ የጣለው?»

ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ባለሙያው «እኔም ‹የዛፍ› የሚለውን በትልቁ ማጻፍ ነበረብኝ» አለ። እሷ ግን ወደ እሱ እንኳ አልዞረችም።

«እግሩስ ይድናል» አለች፤ አሁን ቁጣው ለቋት ዕንባ መጣ። «ስሙን ምን አደርገዋለሁ? ከረፋዱ ጀምሮ ሠፈሩ ሁሉ ‹ዛፍ ላይ የተመለመለው› እያለው ነው። ነገ ደግሞ እያነከሰ ያን ዳገት ሲወጣ ሰው ደርድሬ ላስቅበት? አይወጣም። ከወጣም ያወረደው ያውጣው!»

በሩን ዘጋችው። ሽማግሌዎቹ «አለቀለት» አሉ። እኔ ግን ሰምቻታለሁ። ቤቴ ተመልሼ አስካለን ልብሷን ከሣጥን እንድታወጣ ነገርኳት። «እሺ አሉ?» አለችኝ። «መልስ ተሰጥቶኛል» አልኳት። ወደ እትዬ ዘነበችም ሰው ላክሁባት፦ ሙሽራውን ይዛችሁ እስከ መንገዱ ጫፍ ብቻ ድረሱ፤ የቀረው የእኔ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሙሉ ልብሴን ለብሼ ወረድኩ። የወፍጮ ቤቱ መኪና በአበባ ተሸልማ አስፋልቱ የሚያልቅበት ቆማለች። ከዚያ በላይ መኪና አይወጣም። እትዬ ዘነበች ከፊት ተቀምጣለች፤ ፊቷ ገና አልተፈታም። ጌታሁን ጥቁር ሱፍ ለብሷል፤ አንድ እግሩ ጫማ፣ አንድ እግሩ ፋሻ። ጀርባዬን ሰጥቼው ቁጢጥ አልኩ።

«ና» አልኩት።

«ሙሽራ ይታዘላል እንዴ አባቴ?»

«ከዛፍ የወደቀ ይታዘላል።»

አዘልኩት። ወፍጮ ቤት የሚሠራ ልጅ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ሰው ግራና ቀኝ ወጥቶ ያያል። መጀመሪያ የሳቀው በሁለት ምርኩዝ የነበረው ጎረቤቴ ነው፤ ዛሬ አንድም አልያዘም። «ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን መለመሉ?» አለ። «አማቼን!» አልኩ ትንፋሼ እየተቆረጠ። ሠፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ግን የሚስቀው በእኔ ነው። አንድ ሰው እንኳ ጌታሁንን አላየውም። ኋላዬ ደግሞ እትዬ ዘነበች እልል ስትል ሰማሁ፤ ከሁሉም ቀድማ።

ደጃችን ስንደርስ የእኛ ወገን ሴቶች በሩን ዘግተው «አናስገባም!» እያሉ ይዘፍናሉ። ብርቄ ከፊት ሆና ከነሸክሜ አየችኝና ዘፈኑን አቋረጠች።

«አንተ ሰውዬ፣ ከማን ወገን ነህ?»

«ኋላ እንነጋገራለን፤ ክፈቱ።»

ከፈቱ። በሕዝቡ መሐል አልፌ አስካለ አጠገብ ደረስኩና ተንበረከክኩ። ከዚያ ባለሙያው እንዳስተማረኝ መጀመሪያ ሁለት እጄን ከሥሩ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ አወረድኩት።